የካሜራ ድሮን ባትሪ፦ ኦሪጅናል ወይስ የሌላ ኩባንያ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሮን ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። አንድ ባትሪ አይበቃም፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ያስፈልጋል። ኦሪጅናሉ ውድ ነው። ከጎኑ ደግሞ ቁርጥ እሱን የሚመስል፣ ዋጋው በጣም ረከስ ያለ፣ አንዳንዴም ከኦሪጅናሉ የበለጠ አቅም እንዳለው የተጻፈበት ሌላ ባትሪ ይገኛል። ታዲያ የቱን? በብዛት የሚጠየቁትን ከነመልሳቸው እነሆ።

«ኦሪጅናል ያልሆነ» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ሁሉም አንድ አይደሉም። ብዙው ክርክር የሚነሳው አራት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። አንደኛው ሌላ ኩባንያ በራሱ ስምና ምልክት የሚሠራው ተለዋጭ ባትሪ ነው። ችግር ቢመጣ የምትጠይቁት አካል አለ። ሁለተኛው የድሮኑን ኩባንያ ስም ለጥፎ «ኦሪጅናል ነኝ» የሚል ፎርጅድ ነው። ሦስተኛው ያረጀ የኦሪጅናል ባትሪ ቅርፊት ተከፍቶ ሌላ ሴል፣ ማለትም ኃይሉን የሚይዘው የውስጥ ክፍል፣ የገባበት ነው። አራተኛው በሽቦ ተቀጥሎ ድሮኑ ጀርባ ወይም ሆድ ላይ የሚታሰር ተጨማሪ ባትሪ ነው።

እዚህ ገጽ ላይ «ተለዋጭ» ስል የመጀመሪያውን ማለቴ ነው። ሁለተኛውን ማንም እንዲገዛ አልመክርም። በስሙ የዋሸ ሻጭ በቁጥሩ እውነት ይናገራል ብዬ አላምንም።

ዋናው ልዩነት ምንድን ነው? የሚበርበት ደቂቃ?

ብዙ ሰው የሚለካው እሱን ነው። ኦሪጅናሉ 25 ደቂቃ፣ ተለዋጩ 22 ደቂቃ ከሰጠ «ሦስት ደቂቃ ምን አላት» ይባላል። እውነት ነው፣ ሦስት ደቂቃ ብዙም አትጎዳም። እኔን የሚያሳስበኝ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፐርሰንት ነው። ድሮኑ መቼ ወደ መነሻው እንደሚመለስ፣ መቼ በግድ እንደሚያርፍ የሚወስነው ያንን ቁጥር አምኖ ነው።

አቅሙ አነስ ያለ ግን እውነቱን የሚናገር ባትሪ አያስቸግርም። ቀደም ብላችሁ ትመለሳላችሁ፣ በቃ። ብዙ አቅም አለኝ እያለ 35 በመቶ ላይ ድንገት ኃይሉ የሚወድቅ ባትሪ ግን ድሮኑን ከነካሜራው ያሳጣችኋል። ስለዚህ ሁለት ባትሪ ስታወዳድሩ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቁጥሩ ይታመናል ወይ?» ነው። ደቂቃው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ባትሪ ባትሪ ነው፣ ውስጡ ምን የተለየ ነገር አለ?

ሴሎችና አንድ ትንሽ ቦርድ አሉ። ዲጄአይ ከሚባለው የድሮን አምራች ሞዴሎች ውስጥ ማቪክ ፕሮ ሦስት ሴል፣ ማቪክ 2 አራት፣ የሚኒ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ሴል አላቸው። ሴሎቹ ኃይሉን ይይዛሉ። ቦርዱ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ይለካል፣ ሙቀቱን ይከታተላል፣ ስንቴ ቻርጅ እንደተደረገ ይመዘግባል፣ አንዱ ሴል ከሌላው ሲበላለጥ ያስተካክላል፣ የቀረውን ፐርሰንት አስልቶ ለድሮኑ ይነግራል። አደጋ ሲመጣም የሚቆርጠው እሱ ነው።

ሴል መግዛት ለማንም ቀላል ነው። ጥሩ ቦርድ መሥራትና ከሴሉ ጋር አጣጥሞ ማስተካከል ግን ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። ርካሽ ቅጂ ሲሠራ መጀመሪያ የሚቆጠበው እዚህ ላይ ነው።

ፐርሰንቱ እንዴት ሊሳሳት ይችላል?

ቦርዱ የሚገባውንና የሚወጣውን ኃይል እየቆጠረ፣ ከቮልቴጁና ከሙቀቱ ጋር እያመሳከረ ያሰላል። ለዚህ የሴሉን ጠባይ ማወቅ አለበት፤ ሙሉ ሲሆን ስንት ቮልት እንደሆነ፣ ግማሽ ሲሆን ስንት፣ ሲበርደው ምን እንደሚያደርግ። ቦርዱ ለአንድ ዓይነት ሴል ተስተካክሎ ሌላ ዓይነት ከገባለት ስሌቱ ከመጀመሪያው የተዛባ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። የማቪክ ፕሮ ባትሪ የሚይዘው ጠቅላላ ኃይል 43.6 ዋት ሰዓት ነው። ነፋስ በሌለበት አየር ላይ ባለበት ሲቆም እስከ 24 ደቂቃ ይቆያል ተብሎለታል። ለ24 ደቂቃ፣ ማለትም ለ0.4 ሰዓት፣ ሲካፈል ወደ 109 ዋት ይመጣል፣ በ11.4 ቮልት ደግሞ ወደ 9.5 አምፒር። ይሄ ዝም ብሎ ሲቆም ነው። ሽቅብ ስታወጡት ወይም ከነፋስ ጋር ሲታገል ፍላጎቱ በጣም ይጨምራል፣ ለአፍታ 20 አምፒር ደረሰ እንበል።

አሁን ሁለት ሴል አስቡ። ሁለቱም ሳይነኩ 3.7 ቮልት ያሳያሉ። የአንዱ የውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኃይል ሲወጣ ሴሉ ራሱ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ 10 ሚሊኦም ነው፣ የሌላው 40። በ20 አምፒር የመጀመሪያው 0.2 ቮልት ወርዶ 3.5 ላይ ይቆማል። ሁለተኛው 0.8 ቮልት ወርዶ 2.9 ላይ ይገኛል። 2.9 ማለት ለድሮኑ ያለቀ ባትሪ ነው። ስለዚህ በግድ ማረፍ ይጀምራል፣ ከታች ውሃም ይሁን ጣሪያ። ካረፈ በኋላ ባትሪውን ብታዩት ጭነቱ ስለተነሳለት ቮልቴጁ ተመልሶ ከፍ ይላል፣ ፐርሰንቱም ገና ያላለቀ ይመስላል። «ባትሪ እያለው ወደቀ» የሚባለው ብዙው ታሪክ እንዲህ ነው።

ከኦሪጅናሉ የበለጠ ሚሊአምፒር የተጻፈበትስ? ይሻላል ማለት ነው?

ጽሑፉን ከማመናችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ።

አንደኛ ሒሳቡ ይገጥም እንደሆነ። ሚሊአምፒር ሰዓቱን በቮልቱ አባዙት፣ ለ1000 አካፍሉት፣ ዋት ሰዓት ይመጣል። የማቪክ 2 ባትሪ 3850 ሚሊአምፒር ሰዓትና 15.4 ቮልት ነው፤ ሲባዛ 59.29 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ ባትሪው ላይ የተጻፈውም እሱ ነው። አንዳንድ ቅጂ ላይ ሚሊአምፒሩ ከፍ ብሎ ይጻፍና ዋት ሰዓቱ የኦሪጅናሉ እንደሆነ ይቀራል። እንዲህ ያለ ባትሪ ላይ ቢያንስ አንዱ ቁጥር ውሸት ነው። እዚያው ተዉት።

ሁለተኛ ክብደቱ። የማቪክ 2 ባትሪ 297 ግራም ይመዝናል፣ ማለትም ቅርፊቱና ቦርዱ ተቆጥሮ በኪሎ ወደ 200 ዋት ሰዓት ይይዛል። በዚያው ክብደት 5500 ሚሊአምፒር ሰዓት አለኝ የሚል ቢመጣ በኪሎ ወደ 285 ሊሆን ነው። ርካሽ ባትሪ ይህን አያደርገውም። እውነተኛ ተጨማሪ አቅም ሁልጊዜ ተጨማሪ ክብደት አለው፣ ክብደቱ ደግሞ ራሱ ኃይል ይበላል። ስለዚህ አቅሙ በአንድ አምስተኛ ቢያድግ እንኳ ደቂቃው በዚያው ልክ አያድግም።

የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ካላችሁ ኦሪጅናሉንና ተለዋጩን አጠገብ ለአጠገብ መዝኑ። ከኦሪጅናሉ ቀለል ብሎ ከኦሪጅናሉ የበለጠ አቅም የሚያውጅ ባትሪ ካጋጠማችሁ ሚዛኑን እመኑ።

ቮልቱ ትንሽ ቢለያይስ? 11.4 በሚለው ፋንታ 11.1 የሚል አገኘሁ።

ይሄ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ አይደለም። ተራ የሊቲየም ፖሊመር ሴል 3.7 ቮልት ይባላል፣ ሙሉ ሲሆን 4.2 ይደርሳል። ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚችለው ዓይነት ደግሞ 3.8 ተብሎ ሲሞላ 4.35፣ ወይም 3.85 ተብሎ ሲሞላ 4.4 ይደርሳል። ሦስት ጊዜ 3.8 ነው 11.4 የሚሰጠው። የማቪክ ፕሮ ቻርጀር እስከ 13.05 ቮልት የሚሄደው ለዚህ ነው።

11.1 ማለት ሦስት ተራ ሴል ነው፣ 12.6 ላይ መቆም አለበት። ቦርዱ ካላስቆመው ቻርጀሩ 13.05 ድረስ ይገፋበታል። ከአቅም በላይ የተሞላ ሊቲየም ሴል ያብጣል፣ ዕድሜው ያጥራል፣ ሲብስም ይቀጣጠላል። ቮልቱ ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ ካልሆነ አትግዙ። እዚህ ላይ «ግን ዋጋው» የሚባል ነገር የለም።

ድሮኑ ተለዋጭ ባትሪ ይቀበላል?

እንደ ድሮኑ ነው። አንዳንዱ ባትሪውን ማንነቱን ይጠይቀዋል፣ ካላወቀው አፑ ላይ ያስጠነቅቃል፣ ወይም ጭራሽ አልነሳም ይላል። ሌላው ምንም ሳይል ይበራል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ፈርምዌር (የድሮኑ የውስጥ ሶፍትዌር) አፕዴት ላይ ነው። ዛሬ የሚሠራ ተለዋጭ ባትሪ ከአፕዴት በኋላ እንቢ ሊል ይችላል፣ ሻጩ ደግሞ ይህን አስቀድሞ አይነግራችሁም። ያላችሁ ባትሪ ሁሉ ተለዋጭ ከሆነ ለሥራ ልትወጡ ስትሉ አፕዴት አታድርጉ። አድርጋችሁም ከሆነ እያንዳንዱን ባትሪ ቤት ውስጥ አስገብታችሁ፣ አብርታችሁ፣ አፑ የሚለውን አይታችሁ ውጡ። ቢያንስ አንድ ኦሪጅናል ሁልጊዜ በእጅ መኖሩ ጥሩ ነው። ችግር ሲፈጠር ጥፋቱ የድሮኑ ይሁን የባትሪው የሚለየው በእሱ ነው።

ኦሪጅናል ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ይታመናል?

አይ። ኦሪጅናል ማለት ዕድላችሁ የተሻለ ነው ማለት እንጂ ችግር የለም ማለት አይደለም። የካሜራ አምራቹ ጎፕሮ ካርማ የተባለውን ድሮኑን በ2016 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር ወር መጨረሻ ላይ ለገበያ አቀረበ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ኖቬምበር 8፣ የተሸጡትን 2,500 ገደማ ድሮኖች በሙሉ መልሱልኝ አለ፤ አንዳንዶቹ በበረራ ላይ ኃይላቸው እየተቋረጠ ስለወደቁ ነው። ችግሩ ሴሉ ላይ አልነበረም። ባትሪውን ቦታው ላይ የሚይዘው መቆለፊያ በበረራ ንዝረት እየላላ ግንኙነቱ ይቋረጥ ነበር። መቆለፊያው ተስተካክሎ ድሮኑ በ2017 ፌብሩዋሪ ተመለሰ።

የዲጄአይ ትልልቅ ድሮኖች ላይ የሚገቡት ቲቢ50 እና ቲቢ55 የተባሉ ኦሪጅናል ባትሪዎችም ኃይል በድንገት በመቋረጡ ምክንያት በ2018 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ አውጥቶባቸው ነበር። ኩባንያው በፈርምዌር አፕዴት ምላሽ ሰጠ።

ሁለቱን ያነሳሁት ኦሪጅናልን ለማጣጣል አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ጋር ይታያል፦ ችግሩ ሲገኝ የሚጠየቅ፣ የሚሰበስብ፣ አፕዴት የሚያወጣ አካል ነበር። ስም የሌለው ባትሪ ተመሳሳይ ችግር ቢኖርበት ማንም አይጠራችሁም።

የካርማው ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። ባትሪ ሲባል ሁሉም ስለ ሴል ያስባል። ቅርፊቱ ግማሽ ሚሊሜትር ቢጠብ ወይም ቢሰፋ፣ መቆለፊያው ጥርስ ላይ በደንብ ባይነክስ፣ ምርጥ ሴልም ዋጋ የለውም። ተለዋጭ ባትሪዎች ላይ ይህን ብዙ ሰው አይፈትሽም።

የድሮኔ ኦሪጅናል ባትሪ መመረት ቆሟል። ምን ላድርግ?

ተለዋጭ ባትሪ በእውነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ድሮኑ ጤነኛ ሆኖ ባትሪ በማጣት ብቻ መጣሉ ያሳዝናል፣ በራሱ ስም የሚሠራ ጥሩ አምራች ካለ ግዙ።

«የቀረች አንድ ኦሪጅናል አለችኝ፣ ማሸጊያዋ አልተከፈተም» የሚላችሁን ግን ቶሎ አትመኑ። ሊቲየም ባትሪ ባይነካም ያረጃል። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ በተለይ ቻርጁ ዜሮ ገብቶ የከረመ ባትሪ፣ ካርቶኑ አዲስ ቢሆንም ሴሉ አዲስ አይደለም። የተመረተበትን ቀን ጠይቁ። የአራትና የአምስት ዓመት ዕድሜ ካለው ኦሪጅናል ይልቅ በቅርብ የተመረተ ጥሩ ተለዋጭ ቢሆን እመርጣለሁ።

ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ አዲስ ተለዋጭ?

ያገለገለው ኦሪጅናል ስንቴ ቻርጅ እንደተደረገ ማየት ይቻላል። የዲጄአይ አፕ ውስጥ የደህንነት ገጽ ላይ የባትሪ መረጃ የሚል አለ፤ የቻርጅ ዙሩን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ያሳያል። ሻጩን ይህን ገጽ አሳየኝ በሉት፣ ባትሪው ድሮን ውስጥ ሆኖ።

ዙሩ ከ50 በታች ከሆነ፣ ሴሎቹ እኩል ከሆኑ፣ ካላበጠና ካልወደቀ፣ አምራቹ ከማይታወቅ አዲስ ቅጂ ይልቅ እሱ ይሻላል እላለሁ። ከ150 ዙር በላይ የሄደ ከሆነ ግን ኦሪጅናል ስለሆነ ብቻ ገንዘብ አታውጡበት። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ተለዋጭ ባትሪ ላይ ይህ ቆጣሪ ሊሳሳት ወይም ጭራሽ ላይንቀሳቀስ ይችላል። ከብዙ በረራ በኋላም «ዙር 1» እያለ የሚቀር ባትሪ ካጋጠማችሁ ፐርሰንቱንም በጥርጣሬ እዩት።

ሴሉን ብቻ ባስቀይርስ?

አልመክርም። ብዙ ቦርዶች ሴሉ ሲነቀል ራሳቸውን ይቆልፋሉ፣ ለማስከፈት ልዩ ሶፍትዌር ይፈልጋሉ። ተከፍቶም ቢሠራ ቦርዱ የሚያውቀው የድሮውን ሴል ነው፤ ስሌቱ እንደገና ካልተስተካከለ ከላይ ያልነው የተዛባ ፐርሰንት ይመጣል። ሥራውም በእሳት የመጫወት ያህል ነው። በሙያው የሠለጠነ፣ የሴል ብየዳ መሣሪያ ያለው ሰው ሌላ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ በቢላ ቅርፊት መክፈት ግን በፍጹም።

ተለዋጭ ገዛሁ። ከመብረሬ በፊት እንዴት ልፈትሸው?

መጀመሪያ ሳትሰኩት እዩት። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ጠርዙን በጣት ነካ አድርጉት። ከተወዛወዘ ሆዱ አብጧል ማለት ነው፣ መልሱት። ከዚያ ድሮኑ ውስጥ አስገቡት። ሳይታገል መግባት፣ «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። ከተቆለፈ በኋላ በጣታችሁ ጎተት፣ ወዝወዝ አድርጉት። ከኦሪጅናሉ የበለጠ የሚወዛወዝ ከሆነ እኔ አልበርበትም።

ቀጥሎ አጠገቡ ሆናችሁ ሙሉ ቻርጅ አድርጉት። ለብ ቢል ምንም አይደለም፤ እጅ የሚያስለቅቅ ሙቀት ካለው ንቀሉት። ሲሞላ አንድ ሰዓት አሳርፉትና አፑ ላይ የሴሎቹን ቮልቴጅ አወዳድሩ። ጥሩ ባትሪ ላይ ልዩነቱ በጣም ጠባብ ነው፣ 0.02 ወይም 0.03 ቮልት ቢሆን ነው። ገና ከአዲስነቱ ከ0.1 በላይ የሚበላለጥ ከሆነ ተመላሽ ነው።

አሁን በረራ። ነፋስ የሌለበት ጊዜ፣ ሣር ያለበት ሜዳ፣ ቁመት ሁለት ሜትር ገደማ። ድሮኑን ባለበት አቁሙትና ከ100 እስከ 30 በመቶ ጠብቁት፣ በየ10 በመቶው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ይሄ አሰልቺ ነው፣ ግን የባትሪውን ጠባይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። እያንዳንዱ 10 በመቶ ተቀራራቢ ጊዜ መውሰድ አለበት። ከ100 እስከ 70 ዘጠኝ ደቂቃ ፈጅቶ ከ60 እስከ 30 አራት ደቂቃ ብቻ ከፈጀ ቁጥሩ ውሸታም ነው። ከ52 ወደ 41 በአንዴ የሚዘልም እንደዚያው።

40 በመቶ አካባቢ ስትደርሱ ከሁለት ሜትር ወደ አምስት ሜትር በሙሉ ኃይል ከፍ አድርጉትና የሴሎቹን ቮልቴጅ እዩ። አንዱ ሴል ከሌሎቹ ተነጥሎ ዘጭ ካለ ያ ሴል ደካማ ነው። ኦሪጅናል ካላችሁ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሙቀት ተመሳሳዩን አድርጋችሁ አወዳድሩ፤ በሌላ ቀን የተወሰደ ቁጥር ማወዳደሪያ አይሆንም።

ፈተናውን ያለፈ ባትሪም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ድሮኑን 40 በመቶ ላይ ወደ መነሻው መልሱት። ውሃ ላይ፣ ሰው ላይ፣ ርቆ መሄድም ለጊዜው ይቅር። ፈተናውን በየጥቂት ወሩ ድገሙት። ርካሽ ባትሪ አዲስ ሆኖ ደህና ሊመስል ይችላል፣ አወዳደቁ ግን ፈጣን ነው።

ሁለት ኦሪጅናል ልግዛ ወይስ በዚያው ገንዘብ አራት ተለዋጭ?

ድሮኑ የሚበረው የት ነው? ባሕር ላይ፣ ከተማ ላይ፣ ገደል ላይ፣ ወይም ለክፍያ የምትቀርጹ ከሆነ ሁለት ኦሪጅናል። ሊጠፋ የሚችለው ነገር ባትሪው ብቻ አይደለም። ሜዳ ላይ፣ ቅርብ ለቅርብ፣ ለልምምድ የምትበሩ ከሆነ አንድ ኦሪጅናልና ሁለት የተፈተኑ ተለዋጮች ጥሩ አካሄድ ነው። ታዲያ ለይታችሁ ምልክት አድርጉባቸው፣ ተለዋጮቹ ለቅርብ ብቻ።

ድሮኔ ከ250 ግራም በታች ነው። ባትሪ ይህን ይነካዋል?

በጣም። ሚኒዎቹ 249 ግራም የሚሆኑት ከነተራ ባትሪያቸው ነው። የሚኒ 3 ፕሮ ኦሪጅናሉ ትልቁ ባትሪ እንኳ የበረራ ጊዜውን ከ34 ወደ 47 ደቂቃ ቢያወጣውም ድሮኑን ከዚያ ወሰን በላይ ያደርገዋል። ከባድ ተለዋጭም እንዲሁ። በብዙ አገር የምዝገባና የበረራ ሕጉ የሚቀየረው በዚህ ክብደት ነው። የመጀመሪያዋ ማቪክ ሚኒ ስትወጣ የጃፓን ወሰን 200 ግራም ስለነበር፣ ለዚያ አገር ብቻ 1100 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ተሠርቶላት 199 ግራም ሆና ተሸጠች። ባትሪ ስትቀይሩ ድሮኑን ከነባትሪው መዝኑ።

ጋራንቲው ይቋረጣል?

በተለዋጭ ባትሪ የመጣ ጉዳት በአብዛኛው አይሸፈንም። የበረራ መዝገቡ ውስጥ የባትሪው መረጃ ስለሚገባ መደበቅም አይቻልም። ኦሪጅናሉም ቢሆን የራሱ ገደብ አለው፤ ዋስትናው በጊዜም በቻርጅ ዙርም ይወሰናል።

ብርድ ላይስ?

ብርድ የሁሉንም ሴል የውስጥ ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ደካማው ላይ ደግሞ ይብሳል። ባትሪውን ኪስ ውስጥ አሙቁት፣ ድሮኑ ከተነሳ በኋላ አንድ ደቂቃ ዝቅ ብሎ ይቁም፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጀምሩ። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ሴሉን ለዘለቄታው ይጎዳል። ብዙ አምራቾች ለቻርጅ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ይላሉ።

አቀማመጡ ይለያያል?

ብዙ የዲጄአይ ባትሪዎች ለቀናት ካልተነኩ ራሳቸውን ወደ 60 በመቶ ገደማ ያወርዳሉ። ተለዋጩ ይህን ላያደርግ ይችላል። ሞልታችሁ ትታችሁት ለሳምንታት ሙሉ እንደሆነ ከቆየ ያረጃል፣ ሊያብጥም ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁ ከ40 እስከ 60 በመቶ አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፣ በየሁለት ሦስት ወሩ እዩት።

አውሮፕላን ላይ ይዤው መሄድ እችላለሁ?

በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው መለዋወጫ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከሁለትም አይበልጥም። መለዋወጫ ባትሪ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ጫፎቹ መሸፈን አለባቸው። ዋት ሰዓቱ ያልተጻፈበት ወይም ቁጥሩ የማይገጥም ባትሪ ፍተሻ ላይ ሊያስቀራችሁ ይችላል። ብዙ አየር መንገዶች የራሳቸው ተጨማሪ ገደብ ስላላቸው ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ባትሪዬ አብጧል። ትንሽ ነው፣ ልጠቀምበት?

አይሆንም፣ ኦሪጅናልም ቢሆን። ያበጠው ውስጡ ጋዝ ስለፈጠረ ነው፣ ተመልሶም አይድንም። አንዳንድ ድሮን ላይ ያበጠ ባትሪ ከመቆለፊያው ገፍቶ ሊወጣ ይችላል። አትብሱት፣ አትጫኑት፣ ቻርጅ አታድርጉት። እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለ ጣፋጭ የኬሚካል ሽታ ከሸተታችሁ ሴሉ ፈስሷል፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ ደጅ አውጡት። ቢቀጣጠል ከጭሱ ራቁ፣ መርዛማ ነው። እንዲህ ላለ ትንሽ ባትሪ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ያቀዘቅዘዋል፣ እሳቱ የጠፋ ቢመስልም ተመልሶ ሊነሳ ስለሚችል ለረጅም ጊዜ ማንም አይንካው።

ሳይቀጣጠል ለመጣል የደረሰ ከሆነ መገናኛ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወደሚቀበል ቦታ ውሰዱት። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይቀላቀል፤ የቆሻሻ መኪናው ሲጨምቀው እዚያው ሊነድ ይችላል።